ሽቦው ላይ የተሰጣው ሸሚዝ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። መበየጃው እጄን ሲያቃጥለኝ የምሰድበው መበየጃውን ሳይሆን አጠገቤ የቆመውን ሰው ነው። ድሬ፣ መጋላ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የምጠግንባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ፤ ሰውም ለሙያዬ ሲል ይችለኝ ነበር። በሙያዬ አልታማም። የዚያን ቀን ያደረግሁትን ያደረግሁትም ሙያ አጥሮኝ አይደለም።

በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንቴናው ጣሪያ ላይ በብረት ቱቦ ቆሟል፤ ሽቦው ከዚያ ወርዶ ግቢውን አቋርጦ ቤቴ ይገባል። ጎረቤቴ ኢድል አንዳንዴ እሱ ላይ ልብስ ታሰጣለች። በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ እንደ ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን እኔም «ኤዶ» ነበር የምላት፣ አክስቴ ለማለት። ኤዶ ብያትም እጮህባት ነበር። ልብስ ምስል ያበላሻል ብዬ ነው የምጮኸው። እውነቱን ለመናገር ሽቦው ይረግባል እንጂ በአንድ ሸሚዝ ምስል አይበላሽም።

አንድያ ልጇ ዱዓሌ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ማብቂያ ደብዳቤ ላከ። «ሆዮ፣ እናቴ፣ በአብዮት በዓል አዲስ አበባ እሰለፋለሁ። ከማርሽ ባንዱ ቀጥሎ ያለው ጦር ውስጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ዳር ላይ ነኝ። ቴሌቪዥን ካለበት ሄደሽ እዪኝ» ይላል። ኢድል ማንበብ ስለማትችል ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

«ዳር ላይ ያለ ሰው ፊቱ ይታያል?» አለችኝ።

«ቅንድቡ ሳይቀር ይታይሻል» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

በበዓሉ ዋዜማ ከባድ ሙቀት ነበር። ድሬ እንዲህ ስትግል የጅቡቲ ቴሌቪዥን ሾልኮ ይመጣል። ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንቴናውን የአገራችን ሥርጭት ከሚመጣበት ከጋራው አንስቼ ወደ ባቡር ጣቢያው በኩል አዞርኩትና የጅቡቲን ዘፈን ሳይ አመሸሁ። መመለሱን ረሳሁት።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ሁሉ ቤቴ ገባ። የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ፋራህም ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ኢድል አዲስ ሻሽ አስራ ምንጣፉ ላይ፣ ከሳጥኑ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናት። ከፈትኩት። ድምፁ ይሰማል፤ ምስሉ ግን ተበጣጥሷል። ፊት ለሁለት ይከፈላል፣ ጭረት ይወርዳል፣ ከዚያ ነጭ ብቻ ይሆናል።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ፤ አንቴናው እንደዞረ ነው ያደረው። ወጥቼ ቱቦውን በአንድ ጊዜ ባዞረው በደቂቃ ያልቃል። ግን ፋራህ አንቴናው ወዴት ዞሮ እንደነበር ያያል። በዚያው ክረምት ጎረቤት ቀበሌ አንድ ሰው የውጭ ሬዲዮ አዳመጥክ ተብሎ ሁለት ሳምንት ታስሯል። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ስለዚህ ግቢ ወጥቼ ጮህኩ።

«ሽቦው ላይ ልብስ የሰቀለው ማነው? ስንት ጊዜ ልናገር አቦ!»

አንድ ሸሚዝና አንድ ሱሪ ነበሩ። ኢድል እየተደናቀፈች ሮጣ አወረደቻቸው። ያ አልበቃኝም፤ ጨርቅ ሰጥቼ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በርጩማ ላይ ቆማ እንድታደርቅ አደረግኋት። ሁሉም እሷን ሲያይ እኔ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቱቦውን ማንም ልብ እንዳይለው በጣት በጣት አዞርኩት። ትንሽ አዞርና «አሁንስ?» እላለሁ።

«የለም!» ይላሉ ከቤት ውስጥ።

«አሁንስ?»

«መጣ! ኧረ ሄደ!»

የማርሽ ባንዱ ሙዚቃ በመስኮት ይሰማኛል። ጮክ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ራቀ። ቀጥሎ የቡትስ ጫማ ድምፅ መጣ። እጄ ቱቦው ላይ ነበር፣ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ባደርገው ያበቃ ነበር። አላደረግሁም። በጣት በጣት ቀጠልኩ።

«መጣ! ጥርት አለ!» ብለው ሲያጨበጭቡ ወረድኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ታንኮች ያልፋሉ። ኢድል እርጥቡን ልብስ ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች።

«አለፉ እንዴ?» አለች።

«እግረኛው አልፏል፣ ኤዶ» አላት ፋራህ ቀስ ብሎ።

ወደ እኔ ዞረች። «ይቅር በለኝ ኢስሃቅ። ነግረኸኝ ነበር። የሱ ልብስ ነው፤ ዛሬ ስለማየው ደስ ብሎኝ አጥቤ አሰጣሁት።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁ።

ሰዉ ሲበተን ፋራህ በሩ ላይ ትከሻዬን ያዘ።

«ዋሪያ፣ ትናንት ጅቡቲ ጥሩ ገብቶልህ ነበር አይደል? የእኔ ምስሉ መጥቶ ድምፁ እምቢ አለኝ። ሲመችህ ብቅ ብለህ እይልኝ» አለኝና ሄደ።

የፈራሁት ሰው ይሄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለኢድል ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። ሸሚዙን ድንጋይ ላይ ዘርግታ፣ ንፋስ እንዳይወስደው አጠገቡ ተቀምጣለች። «ከእንግዲህ ሽቦህን አልነካም» አለችኝ። እኔም «ደህና፣ ኤዶ» ብዬ ተመለስኩ።

ዱዓሌ አልተመለሰም። በዓመቱ የመርዶውን ወረቀት ያመጣው ያው ፋራህ ነው። ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ፣ እኔ ከወንዶቹ ጋር ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ኢድል ለሴቶቹ ትናገራለች፤ ድምፅዋ እስከ እኛ ይሰማል።

«አላህ አንድ ጊዜ ሊያሳየኝ ነበር። የገዛ ሸሚዙን ሽቦ ላይ ሰቅዬ እኔው ከለከልኩት።»

አንዲት ከሩቅ የመጣች ዘመዷ «ሸሚዝ እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» አለቻት።

«ኢስሃቅ ባለሙያ ነው፣ እዚያው ነበር። እሱን ጠይቁት» አለች።

ሴቶቹም ወንዶቹም ወደ እኔ ዞሩ። ኢድልም ታየኛለች፤ ዓይኗ ላይ ቂም የለም። ፋራህ ከጎኔ አንገቱን ደፍቷል።

«አዎ» አልኩ። «ሸሚዙ ነው።»