ሆሳዕና የቀረ አዝማሪ

አዝማሪው ቸኮል ፋሲካን ከቤቱ ርቆ ሲውል ይህ ሦስተኛው ነበር። ከጎጃም የወጣው ለአንድ በጋ ብሎ ነው። ከጌታ ጌታ፣ ከድግስ ድግስ ሲንከራተት ዱራሜ ደረሰ፤ ከዱራሜም ወደ ሆሳዕና ከተማ መጣ። ሚስቱ ወይንሸት ትጠብቀው እንደሆነ፣ ተስፋ ቆርጣ ሌላ አግብታ እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ክረምቱ ሳይገባ ዓባይን ካልተሻገረ እስከ መስከረም መንገድ እንደማይኖር ብቻ ነው።

ቅቤና ቆዳ የጫነው የግራዝማች ወንዳፈረው ጓዝ በፋሲካ ማግስት ወደ አዲስ አበባ ይነሣል። ያለ ሹም ፈቃድ ብቻውን የሚሄድ አዝማሪ ኬላ ላይ ይያዛል፤ ከኬላ ቢያመልጥ ሽፍታ አለ። ግራዝማች ደግሞ ‹‹እንግዶቼን ደስ አሰኝልኝና ከጓዜ ጋር ትሄዳለህ›› ብሎታል።

በበዓሉ ዕለት ዳሱ ሞላ። ሹማምንቱ፣ ነጋዴዎቹና ካህናቱ ተቀመጡ። በሬውን የነዱት፣ እንጨቱን የፈለጡት፣ ለጠጁ ማሩን የገበሩት ገባሮች ግን ደጅ ቆመዋል። ይህን ‹‹ሥርዓት›› ይሉታል። ባለቤቱን ደጅ አቁሞ ማሩን መጠጣት ሥርዓት ከሆነ፣ ዝርፊያ ምን ሊባል ነው?

ደጅ ከቆሙት አንዱን ቸኮል ያውቃቸዋል፤ ሽማግሌው ሱጌቦ ናቸው። በሁዳዴ አዝማሪ ሥራ የለውም፤ መሰንቆው ይሰቀላል፣ የሚያበላውም አይገኝም። በዚያ ጾም ሞርሲቶ መንደር አጠገብ ንዳድ መንገድ ላይ ሲጥለው፣ ሱጌቦ በቃሬዛ አሸክመው ቤታቸው አስገቡት። ወተት ሲሰጡት ‹‹ጾም ነው›› ብሎ እንቢ አለ። አልተቀየሙትም። እስኪድን ድረስ ጎመን ያለ ቅቤ እየቀቀሉ፣ ቆጮ እየጋገሩ አበሉት።

ቸኮል መሰንቆውን አነሣ። የግራዝማችን ዘር ቆጠረ፣ በቅሎውን ሳይቀር አወደሰ። ጠጁ ራስ ላይ ሲወጣ እንግዶቹ በተራ ግጥም ይሰጡት ጀመር። የአዝማሪ ደንብ የታወቀ ነው፤ ‹‹ተቀበል!›› ከተባለ የሰጡትን ሳያጎድል በዜማ ይመልሳል። ግጥሙ የሰጪው ነው፣ ነውሩም የሰጪው ነው ይባላል። ይህን ሰበብ ያወጡት ሰጪዎቹ አይደሉም፤ አዝማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው።

ግራዝማች ወደ ደጅ ተመለከተ።

‹‹ያ ሽማግሌ ስሙ ማነው?››

‹‹ሱጌቦ ነው ጌታዬ፣ የሞርሲቶው›› አለ አሽከሩ ብሩ።

‹‹ግባ በለው!›› ሱጌቦ ገብተው ዳሱ በር ላይ ቆሙ። ‹‹ቸኮል፣ ተቀበል!››

‹‹ይስጡኝ ጌታዬ።››

‹‹ሱጌቦ ደጅ ቆማ ፍየል ብትጣራ፣
እህቴ ናት ብሎ በላ ከሷ ጋራ።››

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። የቸኮል እጅ ግን መሰንቆው ላይ ቀረ።

‹‹ምነው፣ ጉሮሮህ ተዘጋ?›› አለ ግራዝማች።

‹‹ጌታዬ፣ በዓመት በዓል፣ ሽማግሌ ሰው… ሌላ ቢሰጡኝ።››

‹‹ሰማችሁልኝ? ለማኝ መርጦ ሊበላ ነው!›› ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ‹‹ነገ የሚነሣ ጓዝ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ወይስ ዓባይን በዋና ልትሻገረው ነው?››

ቸኮል ተቀበለ። መቀበል ብቻ አይደለም፤ አንዴ ከተዋረድኩ አይቀር ያለ ይመስል፣ ፍየሏን በጉሮሮው አስጮሃት፣ በመሰንቆው አስለቀሳት። ሹማምንቱ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ካህናቱም እንባቸውን ጠረጉ። ሱጌቦም ሳቁ። አማርኛቸው ከ‹‹ግባ››ና ‹‹ውጣ›› አያልፍም፤ ስማቸውን በዜማ ሲሰሙ የተመሰገኑ መሰላቸው። ለቸኮል ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

በማግስቱ ጠዋት በቅሎዎቹ ሲጫኑ ቸኮል ተዘጋጅቶ መጣ።

‹‹ወዴት ነው?›› አለው ብሩ።

‹‹አገሬ ነዋ። ግራዝማች ፈቅደውልኛል።››

‹‹እሱ ድሮ ቀረ። እንደ ትናንቱ ስቄ አላውቅም፣ እንዲህ ያለ አዝማሪ ለማንም አልሰጥም ብለዋል። ጎጆ ሁሉ ሰጥተውሃል፣ ደስ ይበልህ እንጂ!››

‹‹ሚስት አለችኝ እኮ።››

‹‹ታዲያ እዚህ ሴት ጠፋ፣ አያ ቸኮል?››

እግር ላይ ሊወድቅ ሄደ። ግራዝማች ተኝቷል ተባለ። ሲነሣ ጓዙ ከዓይን ጠፍቷል።

ከሰዓት በኋላ ሱጌቦ ወደ ጎጆው መጡ። ቸኮል በሁዳዴ ከለመዳት ጥቂት ሀዲይኛ ሌላ መነጋገሪያ አልነበራቸውም።

‹‹አልሄድክም?››

‹‹ያዙኝ። ዘፈኑን ወደዱት።››

‹‹የኔን ዘፈን?›› የሽማግሌው ፊት በራ። ‹‹እንግዲያው ቃሉን አስተምረኝ። ልጆቼ ልንሰማው ብለዋል።››

ቸኮል ሌላ ግጥም ሊፈጥርላቸው ይችል ነበር፤ ሥራው ነው። አልፈጠረም። ፍየሏን፣ እህትየዋን፣ ማዕዱን፣ ባለችው ቋንቋ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሱጌቦ ሳያቋርጡ ሰሙት።

‹‹ይህን የዘፈንከው አገርህ እንድትሄድ ነው?››

‹‹አዎ።››

‹‹አልሄድክማ።››

ተነሥተው ወጡ፤ ዞረውም አላዩት።

ከትልቁ ግቢ ብሩ ተጣራ። እንግዳ መጥቷል፤ ግራዝማች የፍየሏን ይፈልጋል።