ደኅና ናት

ሕዝቅያስ ኮምፒውተሩን ሲነካው አያልነሽ ግድግዳው ላይ ወጣች።

ባንታየሁ የሻይ ስኒውን እንደያዘ ቀረ። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ያለ ሆቴል ነው፤ መጋረጃው ተዘግቶ አዳራሹ ጨልሟል። ግድግዳውን ሞልታ የምትስቀው እህቱ ናት። ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «በገጠር ፊዚዮቴራፒ ቅድሚያ የምንሰጣቸው ሥራዎች» የሚል ተጽፏል።

ፎቶውን ያውቀዋል፤ ሌላ ፎቶ የላትም። ወንበሩ የተሰጣት ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ፎቶ አንሺ ያነሳት ነው። ስትሞት ባልደረቦቹ ካሳራኒ ያለው ኪራይ ቤቱ ድረስ ለቅሶ መጥተው ያችኑ ፎቶ እየተቀባበሉ አይተዋል። አለቃው ሕዝቅያስ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ፣ «ለአርባዋ እኔ በትልቁ አሠርቼ አመጣልሃለሁ፤ ዋናው ቅጂ ቢሮ አለ» ብሎት ነበር። ባንታየሁም አመስግኖታል። አርባዋ ገና ነው። ፎቶው ግን በትልቁ ተሠርቷል።

«ገንዘባችን በግማሽ ቀንሷል፤ መምረጥ ግድ ነው» አለ ሕዝቅያስ በእንግሊዝኛ። «ብዙ ሰው ጋ የሚደርሰው ሥራ የትኛው ነው? ውጤቱስ ቶሎ የሚታየው?»

ሒሳቡ ቀላል ነበር። ወንበር ሲታደል አንድ መኪና በአንድ ቀን መንደር ሙሉ ሰው ያዳርሳል፤ ፎቶም አለው። የቤት ለቤት ሕክምና ግን እንዲህ አይደለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ተክሉ ሞያሌ ተቀምጦ በሞተር ሳይክል አንዱን አልጋ የያዘ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢመላለስበትም ሪፖርቱ ላይ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ከሞተ ደግሞ አንዱም ከሪፖርቱ ይጠፋል። ስለዚህ ወንበር አንደኛ ወጣ። የሕፃናትን የተጣመመ እግር ማቃናት ሁለተኛ ሆነ። ከቤት ለቤቱ ሕክምና ትይዩ «ለጊዜው ይቁም» ተብሎ ተጻፈ።

ገንዘቡን የምትሰጠው እንግዳ ከአውሮፓ የመጣች፣ ሽበቷን ያላቀለመች ሴት ናት። ወደ ግድግዳው እያየች፣ «ይህች ሴት አሁን እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ደኅና ናት» አለ ሕዝቅያስ። «በጣም ደኅና ናት። ብርቱ ሴት ናት።»

ለቅሶ የደረሱት ሁሉ እዚያው ነበሩ። አንዱ ጫማውን አየ። የፕሮግራም ረዳቷ ብሩክታዊት የሚጻፍ ነገር ሳይኖር መጻፍ ጀመረች። ባንታየሁ ጥቁር ለብሶ፣ ጺሙን አሳድጎ መሀላቸው ተቀምጧል። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አፉ ውስጥ ያለውን ሻይ ወደ ስኒው መልሶ ተፋው።

ለምሳ ሲወጡ ባንታየሁ ሕዝቅያስን ኮሪደሩ ላይ ደረሰበት።

«ጋሽ ሕዝቅያስ፣ ደኅና ናት አሉ እኮ!»

«ቀስ በል ባንቴ። ምን ልበላት? የዕቅዳችን ሽፋን ላይ ያለችው ሞታለች ልበላት?»

«ለቅሶዋ ላይ ተቀምጠው ነበር።»

«ተቀምጫለሁ፤ አልቅሻለሁም። ያ ለቅሶ ነው፣ ይኼ ሥራ ነው። ፎቶውም የመሥሪያ ቤቱ ነው።» ክንዱን ያዝ አደረገው። «ስማኝ፣ ከሰዓት በኋላ ትፈርማለች። ከፈረመች ለተክሉ ነዳጅ ከሌላ የበጀት መደብ አወጣልሃለሁ። ያ ስለሱ የምትጨቀጭቀኝ አልጋ የያዘ ሽማግሌ፣ ማን ነበር?»

«ባልቻ።»

«እሱን ሄዶ ያየዋል። አንተ ብቻ ዝም በል። ከተናገርክ እሷም ትሄዳለች፣ ገንዘቡም ይሄዳል፣ ባልቻህም እዚያው ይቀራል።»

ብሩክታዊት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ጠጋ አለች። «ባንቴ፣ ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ። ሽፋኑን ሳየው እኔም ደንግጫለሁ። ግን ፕሊዝ ዛሬ ሰው ፊት ሲን አትፍጠር።»

«አንቺም ቤቴ መጥተሽ ነበር አይደል?»

«መጥቻለሁ! ጁስ ሁሉ ይዤ መጥቻለሁ።»

ባንታየሁ ጥሏት ሄደ። ደረጃው ላይ ወጥቶ ሞያሌ ደወለ።

«ባልቻ እንዴት ነው?»

«ጀርባው ከመተኛት ብዛት ቀልቷል አሉ» አለ ተክሉ። «ልጁ ትናንት ገበያ መጥቶ ነው የነገረኝ። ገና አልቆሰለም። ብሄድ አገላብጬ፣ አስተምሬያቸው እመጣ ነበር። ሞተሩ ግን ባዶውን ቆሟል።»

«ነዳጅ ይሰጥሃል እያሉኝ ነው።»

ተክሉ ሳቀ። «ጋሼ፣ ለእህትህም ብለውኝ ነበር እኮ።»

ባንታየሁ ስልኩን ዘጋ። አያልነሽ ከአይሱዙ ላይ ወድቃ ከወገቧ በታች ከሞተባት ጀምሮ ተክሉ ነበር ቤተሰቡን እንዴት እንደሚያገላብጧት ያስተማራቸው። ወንበሩ ሲመጣ «አሁን ወንበር አላት» ተብሎ መንደሯ ከተክሉ ጉዞ ተሰረዘ። ወንበሩን ሊያይ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የማኅበሩ ሰው ጎረፈ። እሷ ደግሞ ተኝታ እንግዳ የምትቀበል ሴት አልነበረችም። ጧት ነጠላዋን አስተካክለው ያስቀምጧታል፣ እስኪመሽ አትነሳም። መቀመጫዋ ቢቆስልም አይሰማትም። ቤተሰቡ እንግዳ ፊት ነይ ተኚ አይላት ነገር፤ የተሰጣትን ወንበር የናቁ መሰላቸው።

ባንታየሁ ከናይሮቢ ሲደርስ ሽታው ከበሩ ተቀበለው። በፊዚዮቴራፒ ሙያው ብዙ ቁስል አይቷል። የእህቱን ጨርቅ ሲገልጥ ግን ነጭ አጥንት አየ፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ሮጦ ወጥቶ አጥሩ ሥር አስመለሰው። ሲመለስ አያልነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ «ሸተትኩህ አይደል ወንድምዬ? ይቅርታ» አለችው። በማግስቱ እንግዳ መጣ ሲሏት ወንበሩ ላይ አስቀምጡኝ ብላ ለመነች።

ምሳው በሰፊው ተደርድሯል። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ሕዝቅያስ አስተናጋጁን አስቁሞ አትክልቱን በማንኪያ እየገለበጠ ይመረምራል።

«ቅቤ የለውም? እርግጠኛ ነህ? ጠይቅልኝ እስቲ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ።»

አስተናጋጁ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሕዝቅያስ ሳህኑን ይዞ በትዕግሥት ቆመ። ባንታየሁ ያንን ንጹሕ ሳህን፣ ያንን ለቅቤ የሚጨነቅ ፊት አይቶ የራሱን ሳህን ባዶውን መለሰ።

እንግዳዋ መስኮቱ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ከፊቷ ያለውን የበሬ ሥጋ መቁረጥ ጀምራለች። ባንታየሁ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ፎቶው ላይ ያለችው አያልነሽ እህቴ ናት» አላት።

ፊቷ በራ። «እውነት? እንዴት ደስ ይላል! አሁን የምትኖረው ካንተ ጋር ነው?»

ሕዝቅያስ ሳህኑን እንደያዘ ፈጥኖ መጣ። ፈገግታው አልጠፋም። «ባንቴ፣ ምግብ ላይ እኮ ነን» አለው በአማርኛ። «ቢያንስ በልታ ትጨርስ። ነውር ነው።»

ነውር መሆኑን ባንታየሁም ያውቃል። ሰው እየበላ ስለ ቁስል አይወራም፤ እናቱ እንዲያ ነው ያሳደገችው። በልታ እስክትጨርስ ግን ቡና ይመጣል፣ ከቡናው ጋር ሕዝቅያስ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ወረቀቱ ይመጣል፣ ትፈርማለች። የቤት ለቤቱ ሕክምና እንደቆመ ይቀራል፤ ባልቻም በቀላው ጀርባው ላይ እንደተኛ ይውላል።

ሴትየዋ የመጀመሪያውን ቁራጭ በሹካ አንስታ እየጠበቀችው ነበር።

«አይ፣ ሞታለች» አላት፤ ወንበሩንም አስጠግቶ ነገሩን ከሽታው ጀመረላት።