የተነቃነቀው ግድግዳ

«ተነቃነቁ እኮ፣ እናቴ! አይነቃነቁ ስል አልሰሙም?» ያለ ይመስለኛል ጎረቤቴ ፎቶ አንሺው። ቃል በቃል እንዲህ ላይሆን ይችላል፤ ከርሟል፤ የሰማሁትም በችፑድ ግድግዳ በኩል ነው። ፎቶ ሊነሱ የመጡትን የአሮጊቷን መልስ ግን አልረሳሁትም። «ይቅርታ ልጄ፣ እኔማ ትንፋሼንም ይዤ ነበር። እርጅና ይሆናል» አሉና ፎቷቸውን ሳያገኙ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከግድግዳው ወዲያ ፎቶ ቤት የነበረውን ሰው ሰፈሩ «አትነቃነቅ» ይለው ነበር፤ ያቺን ቃል በቀን ስንቴ እንደሚላት ፈጣሪ ይወቀው። እሱ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ሚስቱ ቆርጣ ፖስታ ውስጥ ትከታለች። በፍላሽ ሲያነሳ እንከን አይወጣለትም። አሮጊቷ የመጡ ዕለት ግን ፍላሹ ተበላሽቶ በመስኮት ብርሃን ነበር የሚሠራው።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈራችን ብስክሌት ክለብ ሰብሳቢ መጣ። ውድድር ስላላቸው አዳራሻቸው ውስጥ የሚሰቀሉ ትልልቅ ፎቶዎች ይፈልጋሉ። አትነቃነቅ ልምምድ ላይ ሄዶ ለሙከራ ያነሳውን ሲያሳየው ሰብሳቢው ሳቁ መጣ።

«ወንድሜ፣ እነዚህ እኮ ቆመዋል! ብስክሌት ተደግፈው ጓደኛ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ፍጥነቱ የታለ? ሌላ ሙከራ ካላየሁ ሥራውን አልሰጥህም።»

ነገሩ የሸተር ነው። ሸተር ማለት ካሜራው ውስጥ ለቅጽበት ተከፍቶ የሚዘጋ መጋረጃ ነው። በጣም ከፈጠነ የሚሽከረከረውን ጎማ ቀጥ ያደርገዋል፤ ቀስ ካለ ግን የሚንቀሳቀሰው ሁሉ እየተሳበ ይቀረጻል። ይህን ያስረዳችኝ ሚስቱ ናት። ሁለቱም ለመለማመድ ወደ እኔ መጡ።

«ጋሼ፣ መኪናዎን ትንሽ ይርገጡልን» አለችኝ።

«እሱንማ ሳትለምኚኝም ስረግጥ ነው የምውለው» አልኩና የስፌት መኪናዬን አስነሳሁ።

መጀመሪያ ሸተሩን አፍጥኖ፣ በሰከንድ አምስት መቶኛ አነሳ። የመዘውሩ ዘንጎች አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ሆነው ወጡ፤ እኔም ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ መሰልኩ። ሸተሩን ወደ ሰከንድ ሠላሳኛ አዘግይቶ ሲያነሳ መዘውሩ ተሽከረከረ፤ ዳሩ ግን እኔም፣ መቀሱም፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት የእንጨት መስመሪያም ሁለት ሁለት ሆንን።

«ጋሼ፣ ተነቃነቁ» አለኝ ቆጣ ብሎ።

«ሳልነቃነቅ እንዴት ልርገጥልህ?»

ደገመው፤ ያው ነው። እንደገና ደገመው፤ ባሰ። ሚስቱ ካሜራውን ተቀበለችው። ክርኗን ከጎኗ አጣብቃ፣ ትንፋሿን ቀስ ብላ አውጥታ ቁልፉን ተጫነችው። መዘውሩ ክብ ጭጋግ ሆነ፤ መቀሱም መስመሪያውም ጥርት ብለው ወጡ።

ሁለቱን ፎቶዎች በካሜራው ስክሪን ላይ እያመላለሰች ስታይ ቆየች።

«ጋሼስ ተነቃንቀው ይሆናል» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግድግዳውስ?»

ባሏ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ኪሱ ውስጥም ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ድካም ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩህ?»

«እኔ እንጃ… በፍላሽ ሳነሳ፣ ብርሃኑ የቅጽበት ስለሆነ፣ አይታይም።»

«ታዲያ እኚያ ተነቃነቁ ያልካቸው እናት…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም የሰው ገመና ውስጥ መግባቴ ከብዶኝ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ጎንበስ አልኩ፤ ክሩ ገና ድሮ ገብቷል።

«ውድድሩን እኔ አነሳዋለሁ» አለች። «ሐኪም ዘንድም እንሄዳለን።»

«ሰው ሁሉ እያየኝ? ሚስቱ ፊት ፊት፣ እሱ ኋላ ኋላ! አትነቃነቅ እጁ ተነቃነቀ ብለው ይሳቁብኛ!»

«ወንድሜ፣ ፈጣሪ ዓይንህን አልነሳህም…» ልል ጀመርኩ።

«እርስዎ ደግሞ ስፌትዎን ይስፉ!»

ሰፋሁ። ምን አደርጋለሁ?

እሷ ካሜራውን አንገቷ ላይ አጥልቃ በሩ ላይ ቆመች፤ የሚያልፈውን ብስክሌት ሁሉ እየተከተለች ማንሳት ጀመረች። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። አንዱን ፎቶ አምጥታ አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። አስፋልቱ ረዥም መስመር ሆኗል፤ ነጂው ግን ጭንቅላት የለውም።

«ቆረጥሽው እኮ!» አለ፣ ሳያስበው። «አጠገብሽ ሲደርስ አይደለም የሚጀመረው። ከሩቅ ተቀበይው፣ ከወገብሽ ዙሪ፣ ካለፈም በኋላ አታቁሚ። ሸተሩንም ወደ ስልሳኛ አፍጥኚው፤ ለጀማሪ ሠላሳኛ ይከብዳል።»

ወጣች። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ብስክሌት፣ ነጂው ጥርሱን ነክሶ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከኋላው ያለው ሱቅ ሁሉ እንደ ጎርፍ ይፈስሳል። አትነቃነቅ ፎቶውን ለረዥም ጊዜ አየ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ደፍሬ ግን አላየሁትም።

«የምትሠሪው አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ቦርሳውን ይዤ ከጎንሽ እቆማለሁ፤ የሸተሩን ፍጥነት እነግርሻለሁ።»

«ለሰብሳቢው ምን እንበለው?»

 እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፤ እየተንቀጠቀጠ እንዳለ።

«አንቺ ምንም አትበዪው» አላት። «ነገ ጠዋት ሄጄ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»