አሜሪካኖቹ ያልላኳቸው ሽማግሌዎች

ሽምግልና ተልኬ አፍሬ ተመልሼ አላውቅም። እዚህ ላስ ቬጋስ በኔ አፍ የተጠየቁ ልጃገረዶች ዛሬ የልጆች እናት ሆነዋል፤ የተፋቱ ቢኖሩም ጥፋቱ የኔ አይደለም። መሬት ልጠይቅ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ላኪዎቻችን ናቸው ያልናቸው ሰዎች መላካችንን ሳያውቁ ነው የሄድነው።

ነገሩ የሆነው ፈረንጆቹ 2021 በሚሉት ዓመት፣ ሆቴሎቹ ሠራተኞቻቸውን መልሰው መጥራት በጀመሩ ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት አስካል ቤቴ መጣች። አስካል የጓደኛዬ የተክለማርያም ሚስት ናት። ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ስታጸዳ ነው የኖረችው። ኮሮና ገብቶ ሆቴሉ ሲዘጋ እሷም ቤት ዋለች። ያ ዓመት ለሁላችንም ክፉ ነበር፤ ለአስካል ወገብ ብቻ ደግ ነበር።

"ግዛው፣ ሆቴሉ ጠራኝ" አለች፣ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ። "ትመለሺ እንደሆነ እስከ ሰኞ አሳውቂን አሉኝ።"

"እንኳን ደስ አለሽ!"

"ምኑ ነው ደስ የሚለኝ? ወገቤ አልቋል። ያን የከበደ ፍራሽ እያነሳሁ አንሶላ መወጠር ከእንግዲህ አልችልም። ማታ ማታ እኮ ጫማዬን የማወልቀው ተንበርክኬ ነው።"

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። አስካል ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። ተክለማርያም ድሮ፣ ሁላችንም ወጣት ሳለን፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሰፊ ግቢ ያለው አሮጌ ቤት ገዝቶ ነበር። ቤቱ ከግቢው አንድ ጥግ ተወሽቋል፤ የቀረው ሁሉ አሸዋና ጠጠር ነው። አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። የገዛው ጊዜ ጓደኞቹ ሁሉ ሳቅንበት፤ ታክሲ ነድቶ ያጠራቀመውን በረሃ ላይ ደፋው አልን። እሱ ግን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ባለ ቁጥር ግቢውን ከፍቶ መኪና እያስቆመ ገንዘብ ሲሰበስብ ኖረ። አሁን ደግሞ ለተማሪዎች ባለ አምስት ፎቅ አፓርታማ ሊሠራ የተነሳ ካምፓኒ የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹን ገዝቶ ጨረሰና የተክለማርያም ቦታ መሀል ላይ ቀረ። ከሁሉም የበለጠ ዋጋ የሰጡት ለሱ ነው።

"ቢሸጥ ሆቴል የሚባል አልረግጥም" አለች አስካል። "ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር፣ ልጃችን ሳሮን አጠገብ ትንሽ ቤት ገዝተን የልጅ ልጄን እያየሁ እቀመጥ ነበር። ተክሌ ግን እምቢ ብሎ መለሳቸው።"

"ራስሽ ለምን አትነግሪውም?"

"ለፍቶ የያዘውን ቤት እኔ ሽጠው ብለው ምን ይሰማዋል? ሽማግሌ ግባልኝ። እኔ እንደላክሁ ግን እንዳትናገር፤ አሜሪካኖቹ ላኩን በሉ።"

ለመሳቅ ቃጣኝ፣ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

የካምፓኒውን ጉዳይ የያዘችው የኛው ልጅ ሀሌታ ነበረች። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ቤትና ቦታ የምታሻሽጥ ጎበዝ ልጅ ናት። ደወልኩላት።

"ጋሼ ግዛው፣ እኔ ጋሼ ተክለማርያምን ሁለቴ ጠየቅኳቸው" አለችኝ። "ኖ አሉኝ። ቴንክ ዩ ብዬ ወጣሁ።"

"ሁለቴ ብቻ?"

"ሁለቴ ኢነፍ ነው እኮ! ኖ ማለት ኖ ነው!"

"የኔ ልጅ፣ አንቺ ምግብ ሲያቀርቡልሽ መጀመሪያ ምን ትያለሽ?"

"ቴንክ ዩ ብዬ እበላለሁ።"

"እኛ ደግሞ ጠግበናል እንላለን፣ ሆዳችን እየጮኸ። እስኪለምኑን ነው የምንጠብቀው።"

"ስለዚህ ጋሼ ተክለማርያም ጠግቤያለሁ ነው ያሉት?"

"አዎ። ካምፓኒሽ ሽማግሌ መላክ ነበረበት።"

"ኦ ማይ ጋድ! ይሄንን ለቦሴ እንዴት ነው ኤክስፕሌን የማደርገው? ደግሞ ታይም የለም። ሰኞ ኦፈሩ ኤክስፓየር ያደርጋል። ከዛ መንገድ ማዶ ያለውን ቦታ ነው የሚገዙት።"

ይህችም ሰኞ አለች። ሰኞ የሚባለውን ቀን ሥራ ላይ ሳለሁም አልወደውም ነበር።

እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሳድል የኖርኩ ሰው ነኝ። ማን ባዶ እጁን እንደሚደነፋ፣ ማን ጥሩ ካርታ ይዞ እንደሚያኮርፍ ከፊቱ አነባለሁ። ተክለማርያምን ደግሞ ከሱዳን ጀምሮ አውቀዋለሁ። መለመን ይወዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ በማርያም ብንለው ይፈርማል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እንዲያውም የምሳውን ነገር ማሰብ ጀምሬ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጥላሁንን ይዤ ሄድኩ። ጥላሁን ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፤ በንግግርም ማንም አይችለው። በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሶ መጣ። መኪና ውስጥ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቼለት እንኳ ላቡ ይንቆረቆራል። "አውልቀው እንጂ" ስለው፣ "ሽማግሌ በሸሚዝ ታይቶ ያውቃል?" ብሎ ተቆጣኝ።

ተክለማርያም በሩን ሲከፍት ግርግዳውን ተደግፈን፣ እጃችንን አጣምረን ቆመናል።

"ግቡ እንጂ! ምን ሆናችኋል? ተቀመጡ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ጥላሁን፣ ገብቶ ሳሎኑ ውስጥ እንደቆመ፣ ድምፁን አወፍሮ።

ተክለማርያም አንዴ እኔን አንዴ ጋቢውን አየ። "ሳሮን አግብታ ወልዳለች። ሌላ ሴት ልጅ የለኝም" አለ ግራ ተጋብቶ።

"የመጣነው ልጅ ፍለጋ አይደለም። መሬት ፍለጋ ነው።"

"ማን ልኳችሁ?"

"አሜሪካኖቹ።"

"አሜሪካኖች ደግሞ ሽማግሌ መላክ ከየት ተማሩ?"

ጥላሁን መልስ አጥቶ አያውቅም። "ኮሮና ያላስተማረው ነገር አለ?" አለ።

ተክለማርያም ሳቀ። ሳቁን አይቼ አለቀ ደቀቀ አልኩ በልቤ። ጥላሁን ያዘጋጀውን ንግግር ጀመረ፤ ስለ ዕውቀት ጥቅም፣ ከሩቅ አገር መጥተው ማደሪያ ስላጡ ተማሪዎች፣ የተማሪ ማደሪያ መሥራት ጽድቅ ስለመሆኑ። ጽድቅ ላይ ሲደርስ አውሮፕላን መጣና ሁላችንም አፋችንን ዘግተን እስኪያልፍ ጠበቅን። ካለፈ በኋላ ጥላሁን የት እንደደረሰ ጠፍቶበት እንደ አዲስ ከዕውቀት ጥቅም ጀመረ።

"አይሆንም" አለ ተክለማርያም፣ በትሕትና።

"ስለ እመቤታችን" አልኩ።

"አይሆንም ግዛው።"

"ስለ ወዳጅነታችን ብለህ!"

ሦስተኛው ልመና ይህ ነበር። አሁን እሺ ይላል ብዬ ወንበር በዓይኔ መረጥኩ። እሱ ግን ራሱ ቁጭ አለና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

"አታስጨንቁኝ" አለ። "የኔ ብቻ ቢሆን ያን ዕለት በፈረምኩ። ጣራው ያፈሳል፣ ቧንቧው ይጮኻል፤ እኔም ሰልችቶኛል። ግን አስካል አለች። ትዝ ይልሃል ግዛው፣ ቤቱን የገዛሁ ጊዜ? እናንተ እየዞራችሁ ስትስቁ አስካል መሀል ሳሎን ቆማ 'ከዚህ ቤት የሚያስወጣኝ የሬሳ ሣጥን ብቻ ነው' አለች። እንደዚያ የወደደችውን ቤት በስተርጅና ሸጬ የት ልጣላት? ሚሊዮን ቢሰጡኝ አላደርገውም።"

እኔና ጥላሁን ተያየን። ሰውየው ካርታውን ገልብጦ አሳየን፤ ማስመሰል የሚባል ነገር አልነበረበትም። ያ ሁሉ ፊት ማንበብ ገደል ገባ። አስካል የወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆማ እንደምትሰማ አውቃለሁ። ላኪያችን እሷ ናት ብል ቃሌን ማጠፌ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ነገ ተነስታ ወደዚያ ፍራሽ መሄዷ ነው። ላብ በላብ ሆንኩ፣ ጋቢ እንኳ ሳልለብስ። ጥላሁንም በጋቢው ጫፍ ግንባሩን መጥረግ ያዘ።

በሩ ተከፈተ። አስካል ውሃ በትሪ ይዛ ወጣች፤ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ቀና አለች።

"እንደዚያ ያልኩት እኮ ሲስቁብህ ጊዜ ነው" አለችው። "አንገትህን ስትደፋ አላስቻለኝም። ሌላ ምን ልበላቸው?"

ተክለማርያም እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ወደሷ ዞረ።

"ቤቱን አልጠላሁትም። ልጄን አሳድጌበታለሁ። ግን ደክሞኛል ተክሌ። ሆቴል መመለስ አልችልም፣ ወገቤ አልቋል። ሽማግሌ የላክሁብህ እኔ ነኝ፤ አሜሪካኖቹ ምንም አያውቁም።"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"መቼ ጠየቅኸኝ?"

በቁጣ አይደለም ያለችው። ሰዓት የምትጠይቅ ያህል ቀለል አድርጋ ነው። ቢሆንም አንጀቴን በላችው። ሁለት ቀን ሙሉ ሀሌታን ስጠይቅ፣ ጥላሁንን ሳማክር፣ ተክለማርያምን ስለምን፣ እኔም ብሆን አስካልን ሌላ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ አላልኳትም። ተክለማርያም እንባውን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ ብድግ አለ፤ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈና እኛ መሀል ገብቶ፣ እንደኛው እጁን አጣምሮ፣ ሚስቱ ፊት ቆመ።

"አስካል" አለ። "እንሽጠው ወይ?"

እኔ የለመድኩትን ስጠብቅ ነበር። እስቲ ላስብበት፣ ዘመድ ላማክር፣ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ የሚባለውን። ጥላሁን እንዲያውም ለሁለተኛው ልመና ጉሮሮውን መጥረግ ጀምሯል።

"እንሽጠው" አለች አስካል።

እንዲህ ያለ እሺታ በሽምግልና ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም። ጥላሁን ጉሮሮውን ከጠረገ ወዲያ ባዶውን እንዳይቀር መረቃቸው፤ ምርቃቱ ሁለት አውሮፕላን አሳለፈ። ከዚያ ጋቢውን አወለቀና ኤሲው ሥር ሄዶ ቆመ።

ተክለማርያም ሀሌታ ጋ ደውሎ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

"ሀሌታ፣ ያ ነገር፣ እሺ ብለናል።"

"ዋት? ጋሼ፣ ኖ ብለውኝ አልነበር?"

"እሱ የኔ ነበር፣ የኔ ልጅ። ባለቤቴን አልጠየቅኋትም ነበር።"

"ኦ ማይ ጋድ! እኔም አልጠየቅኳቸውም!" አለች ልጅቷ፤ ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ዘለለ ብል ማጋነን አይሆንም። ወዲያው ደግሞ ኮስተር ብላ "ጋሼ፣ ይሄ እሺ ሪል እሺ ነው ወይስ ሌላ ትርጉም አለው?" ስትል አስካል ትሪውን ይዛ እስክትታጠፍ ሳቀች። ሳቂ ሴት መሆኗን ረስቼው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ውል የሚፈረምበት ቢሮ አብሬያቸው ሄድኩ። ምስክር አላስፈለጋቸውም፤ እኔ ነኝ መቅረት ያቃተኝ። ሀሌታ ወረቀቱን አስካል ፊት አስቀድማ አስቀመጠች። አስካል መነጽሯን አድርጋ የማይገባትን ሁሉ እየጠየቀች፣ ልጅቷም እየተረጎመችላት፣ ሁለቱም ፈረሙ። ሲወጡ ተክለማርያም የመኪናውን በር ከፈተላትና ልንሄድ ስንል የአስካል ስልክ ጠራ። ሆቴሉ ነው። አለቃዋ በጣም ደግ ድምፅ ያላት ሴት ናት፤ ከኋላ ወንበር እስኪሰማኝ ድረስ ናፍቀንሻል፣ ቦታሽ ይጠብቅሻል፣ ትመጫለሽ አይደል እያለች ትለምናታለች።

"ኖ" አለች አስካል።

ሴትዮዋ ለበጋው ብቻ፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን፣ አለቻት።

"ኖ። ቴንክ ዩ።"

ተክለማርያም ነገሩን ሊያለዝብላት ፈልጎ አፉን ከፈተ። ከዚያ አሰበና መልሶ ገጠመው። አስካል ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው፤ ፊቷ ሳቅ ሳቅ ይላል። እሱ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን እንደያዘ ወደሷ ዞረ።

"ወዴት ልንዳ?" አላት።

"አንተ ወደ ፈለግኸው ..." ብላ ጀመረችና አቋረጠች። መስኮቱን አወረደች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ በደንብ ተደላደለች።

"መጀመሪያ ግዛውን ቤቱ አድርሰው" አለች። "ከዚያ እኔ እያሳየሁህ እንሄዳለን።"