ሦስቱ ኪሎ ሜትር የት ገቡ?

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ቆጣሪው» ይሉታል። ሥራው የጠፋ ውሃ መፈለግ ነው። ከማጠራቀሚያው ወጥቶ ደንበኛው ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቀረውን ውሃ፣ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ እያዳመጠ፣ መስመር እየዘጋና እየከፈተ፣ የት እንደገባ ያወጣል። የጠፋው ሁሉ መጨረሻ ላይ ከሦስት ዓምዶች በአንዱ ይመዘገባል፦ የፈሰሰ፣ የተሰረቀ፣ የተፈቀደ ፍጆታ። ሦስተኛው የእሳት አደጋ መኪና የሚቀዳውና የሕዝብ መናፈሻ የሚጠጣው ነው፤ ማንም አይከፍልበትም፣ ማንም ግን ጠፋ አይለውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ አምልጣው አታውቅም፤ እሱ ሲያወራ ከሰማችሁት ማለቴ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በገዛ ግቢው ውስጥ የተሸወደው።

መኪናው ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት፣ ከፍ ያለች፣ ባለ አውቶማቲክ ማርሽ ፎርዊል ናት። የመጀመሪያ ልጁ በተወለደችበት ዓመት ገዛት። ልጆቹ የክትባት ቀን ያለፋቸው ጊዜ አለ፤ እሷን ግን ዘይት የምትቀይርበት ቀን አልፏት አያውቅም። በሥራ ቀን እሱን የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ስለሚወስደው፣ ከግቢ የምትወጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ነዳጅ በሞላ ቁጥር የሄደችውን ኪሎ ሜትር በጠጣችው ሊትር እያካፈለ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱ አንድ ነበር፦ በሊትር ስምንት። ከሦስት ወር በፊት ሰባት ሆነ። ከዚያ ስድስት። ከዚያ አምስት።

«ስምንት ነበር እኮ!» ይላል ምሳ ላይ። «ሦስቱ ኪሎ ሜትር የት ገቡ?»

«ሰካራም ነዋ!» ይላሉ አማቱ። «ሽጡት ብያለሁ። ይሄ ቆርቆሮ ቤት ሳያስሸጣችሁ ሽጡት።»

አማቱ የሟች የጭነት መኪና ሹፌር ሚስት ናቸው፤ አብረዋቸው መኖር ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ ከአማቻቸው ጋር የተስማሙበት ነገር ቢኖር የጨው መጠን ብቻ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ ምላሳቸው በመኪናዋ ላይ ብሷል። ቤንዚን የሚባል ቃል በተነሳ ቁጥር «ሽጡት» ማለት ሆኗል ሥራቸው።

በመጨረሻ ሚስቱ ጣልቃ ገባች። ሚስቱ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ ደወሏን ትምህርት ቤት ትታ ትመጣለች እንጂ ቀነ ገደቧን ትታ አትመጣም።

«አራት ሳምንት ሰጥቼሃለሁ» አለችው። «ወይ ወደ ስምንት ትመለሳለች፣ ወይ ትሸጣለች። የስፖርት መምህራችን ይፈልጋታል። በአራተኛው ቅዳሜ መጥቶ ያያታል።»

ቆጣሪው ሰው ፊት አይናገረውም እንጂ ያቺን መኪና ይወዳታል። በሕይወቱ አንድም ሳያጓድል የያዘው ነገር እሷ ብቻ ናት።

በመጀመሪያው ሳምንት «ጆሮው» የሚሉት ሰው ዘንድ ወሰዳት። ጆሮው ሰውነቱ ሁሉ ግራሶ የሆነ፣ ረጅም ካቻቢት ሞተሩ ላይ ደግፎ ጫፉን ጆሮው ላይ እየሰካ በሽታ የሚያውቅ መካኒክ ነው። አየር ፊልትሮውን አወጣ፤ ንጹሕ። የጎማ ንፋስ ለካ፤ ልክ። ፍሬን ይዞ እንደሆነ ብሎ አራቱንም ጎማ አንስቶ በእጁ አሽከረከረ፤ እንደ ልብ ዞሩ። መጨረሻ ላይ ካንዴላዎቹን ፈቶ ብርሃን ላይ ያዛቸው። ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል።

«ይሄ ቆሞ የሚውል መኪና ካንዴላ ነው» አለ። «ሞተር አስነስተህ የምትቆምበት ቦታ አለ?»

«እኔ?» አለ ቆጣሪው፤ ስድብ የሰማ ያህል ነደደው። «እኔ መብራት ላይ እንኳ ስቆም ይቆጨኛል!»

«እንግዲህ ካንዴላ አይዋሽም» አለና ጆሮው አዲስ ካንዴላ አስሮ ሸኘው።

በሁለተኛው ሳምንት ቆጣሪው የገዛ ሙያውን አወጣ። የጠፋ ውሃ ሲፈለግ መጀመሪያ ሁሉም ቧንቧ ይዘጋል፤ ከዚያ የውሃ ቆጣሪው ይዞር እንደሆነ ይታያል። ስለዚህ እሁድ ማታ መኪናዋን እስከ አፏ ሞላ፣ ኪሎ ሜትሯን ጻፈ፣ ግቢው ውስጥ አቆማት። ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ማደያ ወስዶ ሞላት። ከማደያ ቤት ደርሶ መልስ ካለው አንድ ኪሎ ሜትር በስተቀር አልሄደችም። ሰባት ሊትር ተኩል ጠጣች።

ቀጂው ማሽኑን አየ፤ ቆጣሪው ቀጂውን አየ። ከዚያ ቆጣሪው የሆነ ደስታ ውርር አደረገው። ሌባ ነው! ሌባ ከተገኘ መኪናዋ ንጹሕ ናት፤ ንጹሕ ከሆነች ደግሞ አትሸጥም።

በዚያው ቀን ቁልፍ ያለው የነዳጅ ሰልባትዮ ክዳን ገዛ። ለማንኛውም ብሎ ሆዷ ሥር ካርቶን አነጠፈ። ሦስተኛው ሳምንት አለቀ፤ ክዳኑ እንደተቆለፈ፣ ካርቶኑ እንደደረቀ፣ የጠጣችው ስምንት ሊትር ደረሰ። አልፈሰሰም፣ አልተሰረቀም። ሰውዬው ምግብ አስጠላው።

«እንቅልፍም አጣህ?» አሉት አማቱ ሰኞ ቁርስ ላይ፣ ዳቦ እየቆረሱ። «ለቆርቆሮ!»

በዚያ ጠዋት ግን ሰርቪስ ሲጠብቅ ከመኪናዋ ኋላ ያለውን የግቢ ግድግዳ አየ። ነጭ ቀለም ነበር የተቀባው። ከጭስ ማውጫዋ ትክክል፣ የትሪ ያህል የሚሆን ጥቁር ክብ ተስሎበታል። ጠጋ ብሎ በጣቱ ነካው፤ ጥላሸት ነው። አንድ ቀን የተሠራ ጥላሸት አይደለም፤ ብዙ ቀን የተጠራቀመ ነው። የጆሮው ነገር ትዝ አለው።

በአራተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ከአለቃው ፈቃድ ጠይቆ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተመለሰ። ሚስቱ ትምህርት ቤት ናት፣ ልጆቹ የሉም። የግቢውን በር እንደ ሌባ ቀስ ብሎ ከፈተ። ሞተሩ በሚኒሞ እያጉረመረመ ነው።

አማቱ መሪ ጨብጠው ተቀምጠዋል። ሁለት ትራስ ደራርበዋል፣ ቀበቶ ታጥቀዋል፣ የእሱን የፀሐይ መነጽር አድርገዋል። የእጅ ቦርሳቸው በተሳፋሪው ወንበር ላይ በክብር ተቀምጧል። ስፖኪዮ አዩ፣ የግራ ፍሬቻ አበሩ፣ መሪውን ትንሽ ሰበር አደረጉ።

«እለፍ፣ እለፍ አንተ!» አሉ ከፊት ለፊታቸው ለማይታይ ሹፌር። «መንገዱን ገዛኸው እንዴ?»

ቆጣሪው ከመኪናዋ ኋላ ቆመ። በዚያች ቅጽበት አማቱ በስፖኪዮው አዩት። መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ትገተራለህ? የምትሳፈር ከሆነ ተሳፈር፤ ኋላዬን ዘጋኸው።»

ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረ ዞሮ ጋቢና ገባ። ቦርሳውን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ፍሬቻው አሁንም ቋ፣ ቋ ይላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማማ?»

«መሳቢያ ውስጥ መርፌ ስፈልግ ትርፍ ቁልፉን ካገኘሁ ጀምሮ። ሦስት ወር ይሆነዋል። በየቀኑ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ እናንተ ስላላችሁ አይመቸኝም።»

«ማርሹስ?»

«ነክቼው አላውቅም! ሰው ብገጭስ?»

«ታዲያ ይሸጥ፣ ይሸጥ የሚሉት ምን ሆነው ነው?»

«እንዳትጠረጥሩኝ ነዋ! ሞኝ ነህ እንዴ? ደግሞ አንተ ሚስትህን ትሸጣለህ እንጂ እሱን ትሸጣለህ ብዬ መች አሰብኩ።» መነጽሩን አወለቁ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ሠላሳ ዓመት ነዳ። አንድ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ አቁሞ ምሳ ስንበላ፣ እስቲ መሪውን ልያዘው አልኩት። ሳቀብኝ። ከባድ ነው፣ ያንቺ ክንድ አይችለውም አለኝ። ደግሜ አልጠየቅኩትም።» ቦርሳቸውን ከጭኑ ላይ ወሰዱ። «በል፣ አሁን ንገራት ለልጄ። አሮጊቷን መኪና መኪና ስትጫወት ያዝኳት በላት። ምን አደርግሃለሁ?»

ይህ ቀን ቆጣሪው አራት ዓመት ሲመኘው የኖረ ቀን ነው። አማቱን እጅ ከፍንጅ ያዘ! ለሚስቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር መኪናዋ ትተርፋለች፣ ምላሰኛዋም ዕድሜ ልካቸውን አፋቸውን ይይዛሉ። ካልተናገረ ግን ቅዳሜ መኪናው ከእጁ ትወጣለች። ደግ ሰው ስለሆነ ነው እንዳልል እንዲያ ያለ ስም የለውም። ብቻ እነዚያን ሁለት ትራሶች አየ።

«ሞተሩን ያጥፉት እማማ» አላቸው። «ሩቅ መጥተናል፤ ትረፍ።»

ሐሙስ አልተናገረም። ዓርብም አልተናገረም። ቅዳሜ ጠዋት የስፖርት መምህሩ በሰፊ ደረቱ ግቢውን ሞልቶ መጣ።

«ምክንያቱ ተገኘ?» አለች ሚስቱ።

«አልተገኘም» አለ ቆጣሪው። ስለ ጠፋ ነገር ሲዋሽ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

መምህሩ ኮፈኑን አስከፈተ፣ ጎማ ረገጠ፣ «ኧረ ደህና ናት!» አለ። አማቱ በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«ጎበዝ ልጄ፣ ግዛው» አሉት መምህሩን፣ ማር በሆነ ድምፅ። «ቤትህ ማደያ አጠገብ ነው?»

«አይ፣ ትንሽ ይርቃል እማማ። ምነው?»

«ምንም። እንዲያው ይቀርብህ እንደሆነ ብዬ። ጎረምሳ ልጆች አሉህ?»

«ገና ነኝ።»

«አይ! ለመግፋት ጥሩ ነበሩ። ግን አትስጋ፤ ቁልቁለት ላይ ብቻህንም ትችለዋለህ። ያ ጭስም ቢሆን በዚህ ወር ቀንሷል።»

«የምን ጭስ?»

«ና ላሳይህ» ብለው ክንዱን ይዘው ወደ ግድግዳው ወሰዱት። «እየው፤ ይሄ ሁሉ ከሱ የወጣ ነው። እኔ ደረቴን የሚያፍነኝ ከምን ይመስልሃል?» አሉና የእውነት የሚመስል ሳል ሳሉለት።

መምህሩ ጥቁሩን ክብ አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ደውዬ አሳውቃችኋለሁ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነ።

«እማዬ!» አለች ሚስቱ። «ሽጡት፣ ሽጡት ስትይ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ሽጡት አልኩ እንጂ ሰው አታሉ አልኩ?» አሉ አማቱ።

ርዕሰ መምህርቷ በዚህ የምትታለል አይደለችም። ተማሪ መልስ ሲደብቃት የምታየው ደብተሩን ነው። ገብታ የቆጣሪውን ደብተር አመጣችና ቆማ ገለጠችው። የጎደለው ሊትር ሁሉ፣ የሦስት ወሩ፣ በየመሥመሩ በቀይ ተጽፏል። ከጎኑ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ፣ ረቡዕ ዕለት በተጻፈ አዲስ ቀለም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ነገር ተደጋግሟል፦ የተፈቀደ ፍጆታ። የተፈቀደ ፍጆታ። የተፈቀደ ፍጆታ።

«ማን ፈጅቶት ነው?» አለች። «ማንስ ፈቀደ?»

ቆጣሪው ደብተሩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አማቱ ከልጃቸው ትከሻ በላይ ደብተሩን አነበቡ። ዓይናቸው አይሠራም ሲሉ የከረሙት ሴትዮ ያለ መነጽር እስከ መጨረሻው መሥመር አነበቡት።

«የፈጀሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የፈቀደውንማ እያየሽው ነው።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ከከተማ ወጥተው አንድ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሙ። ሚስት ከኋላ ተቀምጣ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ጨብጣለች። ቆጣሪው ቦርሳውን ታቅፎ ጋቢና ተቀምጧል። አማቱ ሁለቱ ትራሶች ላይ ሆነው ፍሬን ረገጡ፣ እሱ እንደነገራቸው ማርሹን ወደ ታች ሳቡ፣ እግራቸውን ቀስ ብለው አነሱ።

መኪናዋ ሄደች። አሥር ሜትር፣ ሃያ ሜትር፣ እስከ ሜዳው አጋማሽ። አማቱ መሪውን ወደ ቀኝ ሰበር አደረጉት፤ ወደ ቀኝ ሄደች። ወደ ግራ መለሱት፤ ተመለሰች። በድንገት ፍሬኑን ረግጠው አቆሙና ሁለት እጃቸውን ከመሪው አንስተው አዩዋቸው። ፊታቸው በእንባ ታጥቧል።

«እማዬ፣ ደነገጥሽ?» አለች ልጃቸው ከኋላ።

«ሠላሳ ዓመት!» ብለው ጮኹ አማቱ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባድ ነው ብሎ ዋሸኝ!»

አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ስፖኪዮውን አዩ፣ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ የግራ ፍሬቻ አበሩ።