ከተሻለች ሞባይል፣ ካስተም

እኔ ተሻለች ሌባ! ኧረ በኢየሱስ ስም! አሥራቴን የማወጣ፣ የሰው ዕቃ ነክቼ የማላውቅ ሴት፣ እዚህ ጁባ የምበላው እንጀራ ስርቆት ነው ተባልኩ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ካስተም ገበያ ሱቅ አለኝ። አዲስ መዝሙርና ፊልም ከኢንተርኔት አወርድና የሰው ስልክ ላይ እጭናለሁ። ጎረቤት ባለሱቆች ከእኔ እየገለበጡ የራሳቸው ሲያስመስሉት ተናደድኩ። በየመዝሙሩ መጀመሪያ በገዛ ድምፄ «ከተሻለች ሞባይል፣ ካስተም! ተባረኩ!» ብዬ ስልክ ቁጥሬን ጨመርኩበት። ብልህ ነኝ ብዬ!

ዘማሪት ማናህሎሽ አዲሱን አልበሟን በካርቶን ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ጉባኤው ሁሉ አብሯት ዘመረ፤ ግጥሙን በቃሉ ያውቀዋል። እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ። አልበሙ ጁባ ገና መግባቱ ነበር። ካርቶኑን አንድም ሰው ሳይገዛላት ይዛው ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ፖሊስ አስከትላ ሱቄ ድረስ መጣች። ሰላም ልላት እጄን ብዘረጋ አልተቀበለችኝም።

«ያለባለቤቱ ፈቃድ የሰው ሥራ አባዝቶ መሸጥ ያስከስሳል» አለኝ ፖሊሱ በአረብኛ።

ባለቤቴ ገብረየስ ጠጋ ብሎ «ካጂ! ምንም ማስረጃ የላቸውም» አለኝ።

«ማሌሽ ጀናቦ፣ ይቅርታ አለቃ፣ የእሷ መዝሙር እኔ ጋ የለም» አልኩ። ዋሸሁ!

ማናህሎሽ ስልኳን አውጥታ መዝሙሩን ከፈተችው።

«ከተሻለች ሞባይል፣ ካስተም! ተባረኩ!»

ክው አልኩ። ቁጥሩን ሰምታ ደወለች። ስልኬ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፤ ጥሪው ደግሞ የራሷ መዝሙር! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«እህቴ፣ የጌታ መዝሙር ለሁሉም በነፃ አይደል እንዴ?» አልኳት።

«አንቺ በነፃ ነው የምትጭኚው?» አለችኝ።

ኮምፒውተሬን ነቅለው ወሰዱ። ጦርነቱ ሲነሳ እንኳ ትቼው ያልሄድኩትን ሱቅ ዓይኔ እያየ አሸጉት። ፖሊሱ ከተፈረደብኝ የውጭ ዜጋ ስለሆንኩ ከአገር ልባረር እንደምችል ነገረኝ። እኔ እኮ ወንጀል መሆኑን አላውቅም ነበር! ማን ይመነኝ?

ጣቢያ ቃሌን ሰጥቼ በዋስ ስወጣ ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ያዝኩ። ባለሞተሩ ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛ የሚችል ሰው ነው። ገና እንደተነሳን መዝሙር ከፈተ።

«ከተሻለች ሞባይል፣ ካስተም! ተባረኩ!»

«አጥፋው!» ብዬ ጮህኩበት።

ደንግጦ ሞተሩን አቆመ።

«ምነው እትዬ? ሌላ መዝሙር ከፈለግሽ ይሄ ተሻለች የሚሉት ጥሩ ሱቅ ነው፤ እዚያው ላድርስሽ?»