የቀዩ ቀሚስ ውሃ

ሌላው ሰው በእናቱ ይምላል፤ ልብስ ሰፊዋ የምትምለው በሳፋዋ ነበር። «ሳይታጠብ መቀስ የነካው ጨርቅ ከቤቴ አይወጣም!» ትላለች። አዲስ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ቀለምም ይለቃል፤ እሷ ይህን ጉድ ሁሉ በሳፋዋ ጨርሳ ነበር የምትሰፋው። በየቀሚሱ አንገት ላይም «ታጥቦ የተሰፋ» የሚል ጽሑፍ ታደርጋለች። በዚህች ቃል ከአንዲት ጠባብ ክፍል ተነስታ መንገድ ዳር ሱቅ ከፈተች። ሥራው ሲበዛ እጥበቱን ለታናሽ እህቷ ሰጥታ፣ እሷ መቀሱንና ደንበኛውን ያዘች።

አንድ ቀን አንዲት የሆቴል ባለቤት ለአስተናጋጆቿ ሁሉ ቀይ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ይህ ሥራ ከተገኘ የሰፊዋ ስም ከሰፈር አልፎ ይወጣል።

«ይሄ ቀይ አይለቅም?» አለች ባለሆቴሏ፣ የተሰቀለውን ቀሚስ በጣቶቿ እያሸች።

«የእኔ ቀሚስ ቀለም ከሚለቅ፣ እትዬ፣ የእኔ ጥርስ ቢረግፍ ይቀላል!»

«ጥርስሽንስ ተይው ልጄ፣ ለባል ያስፈልግሻል።»

ተሳሳቁ። ሰፊዋ ግን ሳቁ አልበቃትም፤ ሳፋውን ውሃ ሞልታ አመጣች።

«እታለም፣ ተይ፣ የተተኮሰ ልብስ ነው» አለች ታናሿ፣ ከካውያው ላይ ቀና ብላ።

«አንቺ ዝም በይ! እትዬ፣ እስቲ ያን ነጭ መሃረብዎን ያምጡት።» ቀሚሱንም መሃረቡንም አንድ ላይ ዘፈቀቻቸው።

ውሃው ቀላ። ቀስ ብሎ እንኳ አይደለም፤ በግ የታረደበት መሰለ።

ሰፊዋ ክው አለች። እጇን ከሳፋው ስታወጣ እሱም ቀልቷል።

ባለሆቴሏ አልጮኸችም፤ ምነው በጮኸች! ቀይ የሆነውን መሃረቧን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው፣ መልሳ ጣለችውና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

«ማጠብ የተውሽው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሰፊዋ፣ ወደ ታናሿ ዞራ።

«እዚህ ሱቅ ከገባን ወዲህ። ውሃ እረጭበትና እተኩሰዋለሁ። የልብስ ማለስለሻ ጠብ ሳደርግበት የታጠበ የታጠበ ይሸታል።»

«ታጥቧል ብለን ጽፈን?»

«ኧረ እታለም፣ ማን ያጣራል? ድሮ ስለማያምኑሽ ነበር የምናጥበው። አሁን እኮ ያምኑሻል!»

በጥፊ ብትመታት እንዲህ ባልደነገጠች። ሌባ እንኳ የተቆለፈ ቤት ነው የሚሰብረው፤ ቁልፉን በእጁ የሰጠውን ሰው የሚዘርፍ ምን ተብሎ ይጠራል?

«አንድ ሰው አማሯል? አንድ ጥሪልኝ!» አለች ታናሿ።

እውነቷን ነው፤ አንድም ሰው አላማረረም። ይህ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ግራ አጋባት። ስልኳን አንስታ ቀይ ቀሚስ ለገዛችው ለጥንት ደንበኛዋ፣ ለመምህርቷ ደወለች።

«ያ ቀሚስ ቀለም ለቀቀ እንዴ?»

«ተይኝ እባክሽ! ነጭ አንሶላዬን ሁሉ ጉድ አደረገው።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንቺ ምን አጠፋሽና! ልብስ አጣቢዬ ናት፤ በረኪና ጨምራበት ነው። ‹አልጨመርኩም› ብላ ማለች፣ አለቀሰች። አንገቱ ላይ የጻፍሽውን አነበብኩላትና አባረርኳት።»

 ታናሿ ነገሩን ሰምታ ካውያውን እንዳነሳች ቆማ ቀረች።

«ልብስ አጣቢሽ አልዋሸችም» አለች ሰፊዋ በስልኩ። «የዋሸነው እኛ ነን፤ ጨርቁን አላጠብነውም። ቤቷ የት ነው?»

«እታለም፣ ዝጊው! ገደል ልትከቺን ነው!» ታናሿ ስልኩን ልትነጥቅ መጣች። ሰፊዋ በቀላው እጇ ገፋቻት።



«አላውቅም» አለች መምህርቷ። «ያን ሁሉ ጊዜ ስታጥብልኝ፣ የት እንደምትኖር ጠይቄያት አላውቅም።»

ሰፊዋ ስልኩን ዘጋችና ቀይ ቀሚስ ለገዛችው ለሚቀጥለዋ ደንበኛ ደወለች።

«ሃሎ፣ እኔ ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ። ልብስዎን የሚያጥብልዎት ማን ነው?»